ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ

ሶዶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሻንቆ፣ ደሴ።

እንደምን ሰንብተሃል? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንዷ እግሬም ደህና ናት። ሌላዋ ኮሪያ ስለቀረች የእሷን ወሬ አላውቅም።

ስለ ኮሚቴው ደጋግመህ ጠይቀኸኝ ዝም ያልኩህ ንቄህ አይደለም፤ እንዴት እንደምነግርህ ጠፍቶኝ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ ተመልሻለሁ። ጡረታዬ እንዲሻሻል ያመለከትኩት ማመልከቻ ተራው ደርሶ፣ የጦር ጉዳተኞችን ጉዳይ ከሚያይ ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። የደንብ ልብሴን ለብሼ፣ ሜዳይዬን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ የእንጨት እግሬን ወልውዬ ነው የገባሁት። ጥፋቴም ይኸው ሆነ። የቃኘው ሻለቃ ሰው ሆኜ እየተንፏቀቅሁ መታየት አልፈለግሁማ! «እስቲ ተራመድ» አሉኝ፤ እንደ ሰልፍ ቀን ተራመድኩላቸው። «ማንበብ ትችላለህ?» አሉኝ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እስከ ማኅተሙ አነበብኩላቸው። «እጆችህስ?» አሉኝ፤ ሁለቱንም ዘረጋሁ። ደስ አላቸው። እኔም ሞኙ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ጸሐፊው ተነሥቶ ውሳኔውን አነበበ፦ «አመልካቹ ተቀምጦ የሚሠራ ቀላል ሥራ መሥራት የሚችል በመሆኑ ያለው ጡረታ ይበቃዋል።»

ያለው ጡረታ ምን እንደሚያህል አንተም ታውቃለህ፤ የወሩን አጋማሽ አይሻገርም። ቦምቤ ያለውን የአባታችንን መሬት የእኩል አራሽ ነው የሚያርሰው፤ እሱም ራሱን ችሎ ከተረፈው ነው የሚያመጣልኝ። ያን ቀን ትንሽ ባነክስ፣ ትንሽ ባቃስት ኖሮ... አፈርኩ። አሁን ደግሞ ባለማቃሰቴ አፍራለሁ።

ከአጎታችን ከቦልቴም ጋር ተቀያይመናል። የዘንድሮውን የዘመን መለወጫ የጊፋታ በሬ ብቻዬን የምገዛ መስሎት ሲጠብቅ ከርሞ ኖሯል። «አንተ የንጉሥ ደመወዝ የምትበላ፣ እንደ እኛ ታዋጣለህ?» አለኝ። ማዋጣትም እንዳቃተኝ ልነግረው አፌ አልታዘዝ አለ። ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል ብዬ ከበዓሉ ቀረሁ፤ ስስታም አስባልኩ።

የላክኸውን ገንዘብ መልሼልሃለሁ፤ አትቀየም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። በእኔ የወታደር ደመወዝ ተምረህ በአንተ የአስተማሪ ደመወዝ ልጦር ዕድሜዬ ገና ነው።

ወንድምህ ኤርካሎ


ደሴ፣ ኅዳር 20 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ኤርካሎ፣ ሶዶ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በጌታችን ቸርነት ደህና ነኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የፈተና ጊዜ ነበር።

የኮሚቴውን ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ። ለአገር ደሙን ያፈሰሰ ሰው መራመድ ቻልክ ተብሎ ይቀጣል? ይግባኝ ጽፌ በትምህርት ቤታችን የጽሕፈት መኪና አስመትቼ ልኬያለሁ። እርስዎ ስለ ራስዎ መናገር ያፍራሉ፤ እኔ ግን ስለ እርስዎ ለመናገር አላፍርም። ገንዘቡን መመለስዎ አሳዝኖኛል። ታናሽ ወንድም የላከውን መቀበል ውርደት ነው እንዴ?

በኋላ በላኩት ወረቀት «የሚያስደስት ወሬ አጣህልኝ ወይ?» ብለው ለጠየቁኝ፣ አንድ አለኝ። በክረምት ለጸሎት ቤቱ ጉባኤ ሶዶ በመጣሁ ጊዜ ፋንታዬ ከምትባል ልጅ ጋር ተዋውቄአለሁ። ሶዶ አስተማሪ ናት፤ አባቷ የቢጠናው አቶ ዳልጮ ናቸው። አቶ ዳልጮ የጸሎት ቤት ሽማግሌ፣ በአካባቢው የተከበሩ ባለ ፈረስ መሆናቸውን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። እኔና እሷ ተስማምተናል። የቀረው የእርሳቸው ፈቃድ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ልጃቸውን ከመስጠታቸው በፊት የሰውየውን ወገን አጥርተው ነው የሚያዩት ይባላል።

ጋሼ፣ አባት የለንም። ሽማግሌዎቹን ይዘው ፊት ተቀምጠው ልጅቷን የሚጠይቁልኝ እርስዎ ነዎት። ሜዳይዎን እንዲያደርጉልኝ እለምንዎታለሁ።

ደግሞስ ኑሮዎን በምን እየገፉት ነው? ባለፈው ጠይቄዎት ዘለሉት።

ታናሽ ወንድምዎ ሻንቆ


ሶዶ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሻንቆ፣

የዳልጮን ልጅ! አንተ እኮ በልጅነትህ ባለ ፈረስ ባለፈ ቁጥር እንሰቱ ውስጥ የምትደበቅ ልጅ ነበርህ። አሁን ባለ ፈረስ አማት ልታደርግ? ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤት ሰምቶ ምን ሆንክ ብሎ መጣ። ወንድሜ ሊያገባ ነው አልኩት። እሱም ሳቀ።

እመጣለሁ እንጂ! ሜዳይዬን አደርጋለሁ፣ ጢሜን እላጫለሁ። ዳልጮ ወገኑ ማነው ቢል፣ ይኸው ወገኑ ብዬ ፊቱ እቆማለሁ። ደስታ የሚባል ነገር ከራቀኝ ቆይቷልና ቀኑን ቶሎ ቁረጡት።

ኑሮህን በምን ትገፋለህ ላልከኝ፣ ኮሚቴው እንዳዘዘው ተቀምጬ የምሠራው ሥራ አግኝቻለሁ። ስርቆት አይደለም፤ ልመናም አይደለም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ወንድምህ ኤርካሎ


ደሴ፣ ጥር 28 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኤርካሎ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዙ ቀን አመንትቻለሁ። አጎታችን ቦልቴ የጻፉልኝ ነገር ሐሰት በሆነልኝ ብዬ ጸለይኩ፤ እርስዎ ግን «ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ» ያሉኝን ሳስብ እውነት መሆኑ ገባኝ።

ከከተማው ዳር ከፋቂው ከቦሼ ግቢ ገብተው ቆዳ ሲፍቁ አጎታችን አይተውዎታል። ከደገላ ዘር ጋር! ከፋቂ ጋር ተቀምጠው! አጎታችን በመንገድ አልፈው ዞር ብለው ማየት እንኳ እንዳፈሩ ነው የጻፉልኝ። የገበሬ ልጅ ነን፤ ከዘራችን ቆዳ የነካ የለም። ይህ ወሬ ቢጠና ከደረሰ አቶ ዳልጮ ሽማግሌ አይቀበሉም። ልጄን ለፋቂ ቤት አልሰጥም ቢሉኝ ምን ብዬ እከራከራለሁ?

ምን ብለው እንደሚመልሱልኝ አውቃለሁ። በጸሎት ቤት ቆሜ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው ብዬ አስተምሬአለሁ፤ እርስዎም ሰምተውኛል። አምንበታለሁም። ግን የቦምቤና የቢጠና ሰው ገና አላመነበትም፤ የምጋባው ደግሞ ከእነሱ ጋር ነው። እስከ ሠርጉ ድረስ ብቻ ይተዉልኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ፈቀዱ ያድርጉ። የማይመልሱት ከሆነ በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ።

ተቆጥተው ዝም እንዳይሉኝ እፈራለሁ።

ሻንቆ


ሶዶ፣ የካቲት 15 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለሻንቆ፣

አልተቆጣሁም። እንዴት እንደጀመርኩት ልንገርህና ከዚያ የፈለግኸውን በል።

ከኮሚቴው በተመለስኩ ሰሞን፣ በገበያ ቀን የእንጨት እግሬ ማሰሪያ ጠፍሩ ተበጥሶ መንገድ መሐል ወደቅሁ። የደንብ ልብሴን ለብሼ ነበር። የማውቃቸው ሰዎች አለፉ፤ እንዳላዩ ሆነው አለፉ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ትልቅ ሰው ወድቆ ማየት አሳፍሯቸው ነው። ቦሼ ቆዳ ተሸክሞ ከኋላ መጣ። ቆመና ምን አለኝ መሰለህ? «ጌታዬ፣ ልንካዎት?» አለኝ። ጭቃ ላይ ተዘርግቼ ተኝቻለሁ፤ እሱ ግን ሊያነሣኝ ፈቃድ ይጠይቀኛል። ንካኝ አልኩት። አነሣኝ፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠፍሩን ሰፋልኝ፤ ከፊተኛውም ይበልጥ ጠነከረ።

በሌላ ቀን ላመሰግነው ሄድኩ። ሲሰፋ ሳይ እጄ በላኝ፤ ወስፌውን ተቀበልኩት። እሱ እምቢ አለ፤ «ይቅርብዎ፣ ሰው ያይዎታል» አለኝ። እኔ ነኝ የለመንኩት።

እስቲ አንተ የተማርክ ነህ፣ አስበው። ኮሚቴው «ተቀምጠህ ሥራ» አለኝ። በአገራችን ተቀምጦ የሚሠራው ማነው? ገበሬው ቆሞ ይቆፍራል፤ ነጋዴው ገበያ ለገበያ ይዞራል። ጸሐፊ ይቀመጣል፤ ይቀጥሩኝ ብዬ ለጽሕፈት ቤት አመልክቼ ቦታ የለም ተብያለሁ። የቀሩት ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ናቸው። አዲስ አበባ ያሉት ጌቶች ይህን አያውቁም፤ እነሱ ዘንድ የሚቀመጥ ሁሉ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።

ይህን ስልህ ጀግና ነኝ ማለቴ እንዳይመስልህ። እኔም አፍራለሁ። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ቦሼ እያየኝ መስፋቱን ይቀጥላል። አጎትህ ቦልቴ ያየኝ ቀን ሳልዞር ቀድሞኝ ነው።

እተዋለሁ። ላንተ ብዬ ከዛሬ ጀምሮ እተዋለሁ። ገንዘብ እንዳትልክ፤ ከላክህ እመልሰዋለሁ። ሽማግሌዎቹ የሚሄዱበትን ቀን ብቻ አስታውቀኝ፤ ልብሴን ላስተኩስ።

ኤርካሎ


ደሴ፣ መጋቢት 30 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ኤርካሎ፣

ስለ ቃልዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትልቅ ነገር እንዳደረጉልኝ አውቃለሁ።

«ቀኑን ደበቅኸኝ ወይ?» ብለው በላኩብኝ ወረቀት አፍሬአለሁ። አዎን፣ ሽማግሌዎቹ ሄደው ተመልሰዋል። አጎታችን ቦልቴ ፊት ተቀምጠው ጠይቀውልኛል፤ አቶ ዳልጮም ፈቅደዋል። ጋሼ፣ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። አጎታችን «እሱ ከመጣ እኔ አልሄድም» አሉ። ከሽማግሌዎቹ መካከል አንዱ እርስዎን ከቦሼ ግቢ ሲወጡ አይቶ ነበር። ነገሩ እዚያው ዳልጮ ፊት ቢነሣ ምን ይውጠኛል? ሥራውን እንደ ተዉት ብናስረዳም የሚሰማን የለም።

አቶ ዳልጮ «ታላቅ ወንድሙ የኮሪያው ዘማች የት ቀሩ?» ብለው ጠይቀዋል። አጎታችን በእኔ ፈቃድ «ታሞ ኦቶና ሆስፒታል ተኝቷል» ብለው መልሰዋል። ለዚያች ቀን ብቻ የምትሆን ቃል ናት። እርስዎን የምትጎዳ አልመሰለኝም።

ሠርጉ ከጊፋታ በኋላ ባለው ሳምንት እንዲሆን ተቆርጧል። የመረጥኳትን ስላገኘሁ ደስ ይበልዎት፤ እኔን ግን ደስታው ጎርብጦኛል።

ሻንቆ


ሶዶ፣ ግንቦት 8 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለሻንቆ፣

እንኳን ፈቀደልህ። ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው።

አንተ ልጅ፣ ደሴ ስትቀመጥ የአገርህ ልማድ ጠፋህ? ዝምድና የጀመረ ሰው የዝምድናው ታላቅ ታሟል ሲባል ሳይጠይቅ ይቀራል? ለሠርግ ያልመጣ ይቅር ይባላል፤ በሽተኛ ያልጠየቀ ግን ማን ይቅር ይለዋል? የዳልጮ ቤተሰብ በማግስቱ ስንቅ ማዘጋጀት ጀምሯል። እኔ የሰማሁት ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። ቦልቴ ሮጦ መጥቶ «ከኦቶና ካጡህ ሁላችንም ሐሰተኛ ሆንን» አለኝ፤ ላቡን እየጠረገ። እኔን ሲያይ ዞር ማለት ተወ፤ ያን ዕለት በደንብ አየኝ።

ሄድኩ። ምን ላድርግ? እግዚአብሔር ሲረዳ የተቆረጠው እግሬ ጫፉ በእንጨቱ ተፍቆ ቆስሎ ነበርና፣ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር አጥቦ አሰረልኝ፤ በሱ እንኳ አልዋሸሁም። አልጋ የሚሰጠኝ በሽታ ግን አልነበረኝም። የበሽተኛ ዘመዶች በሚያርፉበት በግቢው ዛፍ ሥር ሣሩ ላይ ጋቢዬን ለብሼ ተኛሁ። አጠገቤ አንድ እውነተኛ በሽተኛ ያቃስታል። እሱን እያዳመጥኩ ተማርኩ።

ዳልጮ ከባለቤቱ ጋር መጣ። ከቢጠና ድረስ! ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቤ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ስለ ኮሪያ ጠየቀኝ፤ እግሬን የት እንዳጣሁ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ ኮረብታው ላይ የተኛሁበትን ሌሊት፣ ያነሡኝን ልጆች ስም ሳይቀር ነገርኩት። ከእኛ ቤት እንዲህ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቀጥሎ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጸለየልኝ። እግዚአብሔር ከዚህ ደዌ ይፈውሰው፣ ለወንድሙ ሠርግ ያብቃው አለ። አሜን አልኩ። አሜን ስል መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ባለቤቱ በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ፣ ሙቹዋ ይዛ መጥታ ነበር። በእጄ እንዳልበላ፣ ቆዳ የሚለፋበት የዛፍ ቅርፊት ያቀለመው እጄ ገና አልነጣም፤ ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁረት አልለቀቀም። ጋቢዬ ውስጥ ደበቅሁት። አቅም ያጣሁ መስሏት «አይዞህ ልጄ» እያለች በእጇ አጎረሰችኝ። ቦሼን ከተውኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ጠግቤ አላውቅም። በዕድሜ የማትበልጠኝ ሴት «ልጄ» እያለች ስታጎርሰኝ እያፈርኩ አፌን ከፈትኩ፤ እየደጋገምኩ ከፈትኩ። ይህን ለሌላ ሰው አልነግርም፤ አንተ ግን ስላመጣኸው እወቀው።

ሲሄዱ ራስጌዬ ገንዘብ አስቀመጡ። አልፈልግም ብል በሽተኛ አልመስል። አጠገቤ ለሚያቃስተው ሰውዬ ሰጠሁት።

ለይግባኙ መልስ አልመጣም።

ኤርካሎ


ደሴ፣ ሰኔ 22 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኤርካሎ፣

ደብዳቤዎን አንብቤአለሁ። መልሱን ስጀምር ስተወው አንድ ወር አለፈ። ይቅርታ ልልዎት አስቤ ነበር፤ ቃሉ ግን ብዕሬ ላይ ትንሽ ሆነብኝ። ከረሃብ ጋር መሆንዎን አላውቅም ነበር። ማወቅ ነበረብኝ፤ ጡረታውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ተዉ ያልኩዎትም እኔ ነኝ።

ለሠርጉ መምጣትዎን በተመለከተ... አጎታችን ቦልቴ የሚሉትን እርስዎም ሰምተዋል። ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ቢቆይ ይሻላል ነው የሚሉት። ሰው ሁሉ በሚሰበሰብበት ያ ያየዎት ሽማግሌም አለ። እኔ ግን ይምጡም አይምጡም ለማለት አፍ የለኝም። እርስዎ እንደ ፈቀዱ።

ሻንቆ


ሶዶ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሻንቆ፣

ጋብቻህ የተባረከ ይሁን። ልጅና ሀብት ይስጥህ።

«ለምን ሳይመጡ ቀሩ?» ብለህ የጻፍከውን አንብቤ ትንሽ ሳቅሁ። እንደ ፈቀዱ ያልከኝ ጊዜ ፈቃድህ ገብቶኛል እኮ። ሆኖም አይቼሃለሁ። ሙሽራዋን ይዛችሁ በሶዶ ስታልፉ መንገድ ዳር ከሰው ኋላ ቆሜ ነበር። ሱፍህ አምሮብሃል። ትከሻው ትንሽ ሰፍቷል፤ ይጠበብልህ። መዘምራኑ ሲዘምሩ ከሰው ጋር አብሬ አጨበጨብኩ። አጠገቤ የቆመ አንድ ሰው «የማን ሠርግ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የአንድ አስተማሪ ነው አልኩት።

ቦሼ መልሶ ተቀበለህ ወይ ላልከኝ፣ አዎን። የሄድኩበትን ምክንያት አልጠየቀኝም፤ የተመለስኩበትንም አልጠየቀኝም። ቦታዬ ላይ የበግ ቆዳ አንጥፎ ነበር።

የይግባኝህም መልስ መጣ። ለአገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት ጽፈው ኑሮዬን አስጣርተው ኖሯል። «አመልካቹ በእጅ ሥራ ተሠማርቶ ራሱን እየቻለ መሆኑ ስለተረጋገጠ ጭማሪ አያስፈልገውም» ይላል። ከዘመድ ከወገን መካከል ሥራዬን ሥራ ብሎ የጠራልኝ መንግሥት ብቻ ሆነ፤ እሱም ላለመክፈል።

ለፋንታዬ ሰላምታ አቅርብልኝ። «ድኗል» በልልኝ።

ኤርካሎ


ሶዶ፣ ጥር 21 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለሻንቆ፣

እንድትሰጋ ሳይሆን እንዳትሰጋ ነው የምጽፍልህ። ቦልቴ አዛብቶ ሳይነግርህ ከእኔ ስማው።

ባለፈው ሐሙስ ዳልጮ ቦሼ ግቢ መጣ። ኮርቻው ጠፍሩ ላልቶ ሊያሰፋ ነው። ፈረሱን ሳይ ማን እንደሆነ አወቅሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው ላዞር ስል ደርሶብኝ ፊት ለፊቴ ቆመ። ኮርቻውን ለቦሼ ሰጠና እኔን ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ «አንተ ሰው፣ የማን ወገን ነህ?» አለኝ።

ሻንቆ፣ ያወቀኝ አልመሰለኝም። በዚያች ግቢ ጢሜን ሳልላጭ፣ ቆዳ ጭኔ ላይ አድርጌ ማን ያውቀኛል? ያንተ ስም ከንፈሬ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

«ወገን የለኝም» አልኩት።

እሱም ኮርቻውን ሳያሰፋ ጭኖት ሄደ። ስለዚህ ስምህ አልተነሣምና በሰላም ተኛ።

ኤርካሎ


ደሴ፣ መጋቢት 4 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

አቶ ዳልጮ እኔ ቤት ናቸው። ፋንታዬ ፀንሳለች፤ ለእሷ ቅቤ ይዘው በአውቶቡስ ከሶዶ እስከዚህ ድረስ መጡ። እርስዎን ያስደስትዎት የነበረውን የፅንሱን ወሬ በዚህ መንገድ መጻፌ ያሳፍረኛል፤ ግን ሌላ መንገድ አልቀረልኝም።

ትናንት እራት ቀርቦ እጃቸውን ታጥበው ሳይጀምሩ «ሻንቆ፣ ወንድምህ ተሻለው?» አሉኝ። ተሽሎታል አልኩ። «ከምን?» አሉኝ።

ያኔ ነገሩኝ። ከኦቶና ጀምሮ ያውቃሉ። «እጁን ጋቢው ውስጥ ሲደብቅ አየሁት፤ የቆዳ ሽታ ግን በጋቢ አይሸፈንም። እኔ ፈረስ ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ኮርቻዬን የሚሰፋው ማን ሆነና ነው ሽታውን የማላውቀው?» አሉ። «መጀመሪያ ተናደድኩ። ልጄን ልከለክልህ ነበር። ባለቤቴ ግን ሲጎርስ አይታዋለች፤ ‹ይህ ሰው ርቦታል፤ ለአገሩ እግሩን ሰጥቶ ርቦታል› አለችኝ፤ እሷ ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን ሳትጠራ ጸልያ አታውቅም። በሠርጉ ቀን ፊት አስቀምጠህ ወንድሜ ነው የምትለኝን ጠበቅሁ። ታሟል አላችሁኝ። እኔው ልሂድ አልኩና ደህናውን ኮርቻ ጠፍሩን ፈትቼ ሄድኩ። ኤርካሎ ነኝ፣ የሻንቆ ወንድም ነኝ ቢለኝ እጁን ይዤ ወደ ቤቴ ልወስደው ነበር።»

ቀጥለው አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ወንድምህን ምን ብታደርገው ነው ወገን የለኝም ያለው?»

ፋንታዬ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ነበር። እሷም የምመልሰውን ትጠብቅ ነበር። ሁሉን ነገርኳቸው፤ የሐሰት በሽታው የእኔ ፈቃድ መሆኑን፣ ከሥራዎ አስወጥቼ ማስራቤን፣ በሠርጌ ቀን «እንደ ፈቀዱ» ማለቴን። እራቱን የበላው የለም። አቶ ዳልጮ ተነሥተው ተኙ። ፋንታዬም እስካሁን አላናገረችኝም።

ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ አልልም። ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቄአለሁ። ለፋሲካ ከእርሳቸው ጋር እመጣለሁ። የምመጣው ቦልቴ ቤት አይደለም፤ እርስዎ ያሉበት ነው። ወደዚያው ወደ ቦሼ ግቢ እመጣለሁ። በር ላይ ቆሜ ስምዎን እጠራለሁ፤ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ እጠራለሁ።

ወንድምዎ ሻንቆ


ሶዶ፣ መጋቢት 26 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሻንቆ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ስለ ፅንሱ እግዚአብሔር ይመስገን። ፋንታዬ ከባድ እንዳታነሣ። ዳልጮ ማወቁን ሳነብ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ፤ የባለቤቱ እጅ ትዝ አለኝ።

በር ላይ ቆመህ ስሜን መጥራት አያስፈልግም። እኔን ወንድሜ ማለት አሁን ቀላል ነው፤ አማትህ ፈቅዶልሃል። ስትመጣ አስቀድመህ ግባና ቦሼን ጨብጠው። እጁን አይዘረጋልህም፤ አልለመደምና አንተ ቅደመው። ከበሩ መመለስ ካማረህም ተመለስ፤ እኔ ፊቴን ሳዞር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አልፈርድብህም።

እንደምትመጣ ለቦሼ ነገርኩት። ደስ አለው። ግቢውን ጠረገ፤ ሚስቱን ዶሮ ግዢ አላት። ከዚያ ሲሄድ ሲመለስ ቆየና አጠገቤ ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድምህ እኛ ቤት ምግብ ይበላል ወይስ ዶሮውን እንተወው?» አለኝ።

እስካሁን አልመለስኩለትም። ምን ልበለው?

ኤርካሎ